መኪናዬ ቀድማኝ ስትሄድ

ኅዳር 1 ቀን ሰኞ ጠዋት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ዱክ ስትሪት አጠገብ ካለ የገበያ አዳራሽ ጀርባ ቆሜ መኪናዬ ሌላ መኪና ላይ ስትወጣ አየሁ። ሹፌሩ ሁለት ቀጫጭን የብረት መወጣጫዎች ዘረጋ። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ገባና ቀስ እያለ ወደ ላይኛው መደዳ አስወጣት። ከዚያ በአራቱም ጎማዎቿ ላይ ሰፋፊ ማሰሪያ አልብሶ በብረት ዘንግ እየጠመዘዘ ወጠረው። ከእሷ ጋር ስምንት ሆኑ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጄ እቅፌ ውስጥ ሆና "ማሚ፣ ሰውዬው መኪናችንን ወሰዳት" ብላ አለቀሰች። የእኔም ሆድ ተላወሰ።

መኪናዬ የ2013 ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ብርማ ቀለም። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሌሊት ሌሊት እየሠራሁ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ነው የገዛኋት። ልጄን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣኋት በእሷ ነው። ባለቤቴ ሲያትል ሥራ አግኝቶ ቀድሞ ሲሄድ፣ ሽጪያት፣ እዚያ ሌላ ትገዣለሽ ያሉኝ ብዙ ነበሩ። ሞተሯ ደህና የሆነ፣ ዕዳ የሌለባት፣ ጠባይዋን የማውቃት መኪና ናት። ሽጬ በወለድ ሌላ የምገዛበት ምክንያት አልታየኝም።

መንገዱ ግን ረጅም ነው። ከአሌክሳንድሪያ ሲያትል 2,750 ማይል ያህል ይሆናል፤ በእኛ መለኪያ 4,400 ኪሎ ሜትር ግድም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው የባቡር ሐዲድ 752 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያንን ስድስት ጊዜ ያህል መጓዝ ማለት ነው። ያውም በኅዳር፣ ተራራው በረዶ በሚለብስበት ወር፣ ከኋላ ሕፃን አስቀምጦ። በሠፈራችን ሎርተን ከሚባል ጣቢያ ሰውንም መኪናውንም አብሮ ጭኖ የሚሄድ ባቡር አለ። ማታ ተሳፍረው በማግስቱ ፍሎሪዳ፣ ሳንፎርድ ይወርዳሉ። እንዲህ ያለው ባቡር በአገሩ ሁሉ ያ አንዱ ብቻ ነው፤ ወደ ምዕራብ የለም። ስለዚህ እኔና ልጄ በአውሮፕላን፣ መኪናዋ በከባድ መኪና እንድትሄድ ተወሰነ። መኪና የሚያጓጉዝ ድርጅት መቅጠር ነበረብኝ።

በዚህ ጉዳይ ላይ የተሳሳትኩት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ለመጠየቅ ስልኬን ጻፍኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ መጮህ ጀመረ፤ እስከ ማታ አላባራም። አንዱ 1,650 ዶላር፣ ሌላው 1,400፣ ሌላው 1,200። አንዷ ግን ድምፅዋ የሚያረጋጋ፣ ስሜን እየደጋገመች የምትጠራኝ ሴት፣ 850 ዶላር አለችኝ። "መኪናችን ሐሙስ በእናንተ በኩል ያልፋል" አለችኝ። "መኪናችን" ስትል አመንኳት። 200 ዶላር ቀብድ በካርድ ከፈልኩ።

ሐሙስ መጥቶ ሄደ። ዓርብም። ቅዳሜ ደወልኩ፤ ማንም አላነሳም። ሰኞ ሌላ ሰው ደውሎ፣ "450 ዶላር ከጨመርሽ ነገ የሚያነሳልሽ አገኛለሁ" አለኝ። ቤቱን የምለቅበት ቀን ደርሷል። ዕቃው ተጠቅልሏል። በዚያ ሰዓት ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር ጠንቅቀው የሚያውቁ መሆናቸው ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ያን ቀን ማታ ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ። ወንድም ጋሼ ነው የምለው። አሜሪካ ከመጣ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መጀመሪያ ታክሲ ነዳ፤ አሁን እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ትራክ ላይ ነው። ሦስት ዓመት መኪና ጭኖ ሠርቷል። ስደውልለት ነብራስካ ውስጥ፣ ከባድ መኪኖች የሚያድሩበት ቦታ ቆሞ ሽሮ እያሞቀ ነበር። ጉዳዩን ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያ፣

"እህቴ፣ አንቺ ያናገርሻት ሴት አንድም ጎማ የላትም። ደላላ ናት" አለኝ።

ደላላ ምን እንደሆነ እኔን ማንም ማስረዳት አይኖርበትም። አዳማ ያደግን ልጆች ነን። የእኛ አገር ደላላ ግን ፊት ለፊትሽ የሚቆም ሰው ነው። ቤቱን አብሮሽ ያያል፣ ሻጩን ያስተዋውቅሻል፣ ነገር ቢበላሽ ሻይ ቤቱን ታውቂዋለሽ፣ ሄደሽ ትይዥዋለሽ። ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወገን ሲቀበል ሁሉም እያየ ነው። የስልኩ ደላላ ድምፅ ብቻ ነው። መደለል ነውር አይደለም፤ አገሩ በዚህ ስፋቱ ጭነት የሚፈልገውን ሹፌርና ሹፌር የሚፈልገውን ባለመኪና የሚያገናኝ ሰው የግድ ያስፈልገዋል። ነውሩ ደላላ ሆኖ "መኪናችን" ማለቱ ነው።

ወንድም ጋሼ አሠራሩን እንዲህ አስረዳኝ። ደላላው የእኔን መኪና፣ መነሻዋን፣ መድረሻዋንና ለሹፌር የሚከፍለውን ዋጋ ሹፌሮች ብቻ በሚያዩት የጭነት ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ሹፌሩ ማታ ስልኩን ከፍቶ ዝርዝሩን ያያል፤ የሚያየው ደግሞ በማይል ስንት እንደሚደርሰው ነው። "850 ዶላርሽን ለ2,750 ማይል አካፍይው" አለኝ። 31 ሳንቲም ሆነ። ከዚያም ላይ የደላላው ይነሳል። "ትራኩ በአንድ ጋሎን ናፍጣ 6 ማይል ቢሄድ ነው። ጎማ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የትራኩ ወርሃዊ ክፍያ አለ። በዚህ ዋጋ ማን ይጭንልሻል? ሹፌር ሁሉ እያየ ያልፈዋል። ደላላዋም ይህን ታውቃለች። ርካሽ ዋጋ የሰጠችሽ ቀብድሽን ለመያዝ ነው፤ ቀንሽ ሲደርስ ጨምሪ ትልሻለች።" ወቅቱም እንዳልረዳኝ ነገረኝ። በበልግና በክረምት መግቢያ ብርድ የሚሸሹ ጡረተኞች መኪናቸውን ወደ ፍሎሪዳና አሪዞና ስለሚያስጭኑ፣ ሹፌሮችም ደቡብ ደቡቡን ይመርጣሉ። በረዶ ወዳለበት ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደው ጥቂት ነው።

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። የሰውን ድካም በ31 ሳንቲም ልገዛ ነበር ማለት ነው። ርካሹን ዋጋ ስመርጥ የዚያኛውን ሰው ሌሊት አላየሁትም ነበር። እኔም የሌሊት ሠራተኛ ነኝ።

ቀብዴን ካርዱን በሰጠኝ ባንክ በኩል ተከራክሬ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አስመለስኩ። ሁለተኛውን ደላላ ስመርጥ ግን ወንድም ጋሼ የነገረኝን ይዤ ነበር። መጀመሪያ፣ "አንተ ደላላ ነህ ወይስ ትራክ አለህ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሰውዬው ሳያመነታ "ደላላ ነኝ" አለኝ፤ በዚህ መልሱ ብቻ ወደድኩት። በአሜሪካ ሕግ የጭነት ደላላ ከፌዴራሉ የሞተር ትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ማውጣትና የ75,000 ዶላር ዋስትና ማስያዝ አለበት። እስከ ፈረንጆቹ 2013 ድረስ 10,000 ብቻ ነበር። ፈቃዱን በቁጥሩ ማንም ሰው በነጻ ማየት ይችላል፤ እኔም አየሁ። ዋጋው 1,450 ሆነ፤ 200ው ለደላላው፣ 1,250ው መኪናዋ ስትደርስ በእጅ ለሹፌሩ። ቤቱ ዋሽንግተን ግዛት የሆነ፣ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሹፌር ተገኘልኝ። ወንድም ጋሼ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። "ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ጥሩ ነው" አለኝ።

አንድ ነገር ግን አጥብቆ አሳሰበኝ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ባለትራክ ቢያንስ የ750,000 ዶላር ኢንሹራንስ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ሰው ይህን ሲሰማ መኪናዬ ተጠብቃለች ብሎ ያርፋል። ያ ኢንሹራንስ ግን ትራኩ መንገድ ላይ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ላዩ ላይ ለተጫነው ዕቃ የሚከፍለው ሌላ ነው፤ መኪና የሚጭን ሰው ይህኛውን እንዲገዛ የፌዴራል ሕጉ አያስገድድም። ደላሎች ናቸው የሚጠይቁት። ስለዚህ የጭነት ኢንሹራንሱን ወረቀት ራሴ ጠይቄ፣ ጊዜው እንዳላለፈ፣ ድርጅቱም ትራኩ በር ላይ ከተጻፈው ስምና ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን አየሁ።

ከዚያ መኪናዋን ማዘጋጀት መጣ። ነዳጇን ወደ ሩብ አወረድኩ፤ ሙሉ ታንክ ክብደት ነው፣ ትራኩ ደግሞ ከነጭነቱ ከ80,000 ፓውንድ እንዳያልፍ ይመዘናል። ውስጧ ያለውን ሁሉ አወጣሁ። ብዙ ሰው መኪናውን እንደ ሻንጣ ልብስና ድስት ይሞላዋል፤ ኢንሹራንሱ ለመኪናው እንጂ ለድስቱ አይከፍልም። የመንገድ ቀረጥ የሚከፍለውን ኢዚፓስም ከመስታወቱ ነቀልኩት። ባልነቅለው ትራኩ ላይ እንደተጫነች በየኬላው ሲያልፉ በእኔ ስም ሊቆርጥ ይችል ነበር። ከስፖኪዮው ላይ የተንጠለጠለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ላውጣ ልተው ብዬ ብዙ አመነታሁ። በመጨረሻ ተውኳት፤ መንገዱ ረጅም ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናዋን አሳጠብኳት። ለጌጥ አይደለም፤ አቧራ ጭረት ይደብቃል።

ሹፌሩ ዩክሬናዊ ነው። ዕድሜው ከአርባ አምስት የሚዘል አይመስልም፣ እጆቹ ግን የሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛችን እኩል ነበር፤ ሁለታችንም እየፈለግን ነው የምናወራው። አንድ ወረቀት አወጣ፤ ቢል ኦፍ ሌዲንግ ይሉታል። ላዩ ላይ መኪና ከአራት አቅጣጫ ተስላለች። እየዞረ ኮፈኗን፣ ፓራፋንጎዋን፣ በሮቿን አየ፤ ያገኘውን ሁሉ ሥዕሉ ላይ ምልክት አደረገበት። የኋላ ፓራውልቷ ላይ ያለውን አሮጌ ጭረት እኔ ራሴ አሳየሁት። ገረመውና ቀና ብሎ አየኝ። የማይል ቆጣሪዋን ጨምሮ ከአርባ በላይ ፎቶ አነሳሁ። እሱም አነሳ። ከዚያ ተፈራረምን።

እዚህ ላይ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ አዳማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 እየቆረጠ ነው ያሳደገን። መቶ ጆንያ መጣ ከተባለ መቶውን ሳይቆጥር አይፈርምም ነበር፤ ሹፌሮች ይበሳጩበታል፣ አለቆቹ ይቆጡታል፣ እሱ ይቆጥራል። "ሳይቆጥር የፈረመ ሳይሰርቅ ይታሰራል" ይል ነበር። ልጅ ሆኜ ድርቅና ይመስለኝ ነበር። ርክክብ የምትለዋን ቃል ሲጠራት ድምፁ ይለወጥ ነበር፤ ለእሱ ርክክብ አንዱ ሰው ኃላፊነቱን ለሌላው ሰው ዓይን ለዓይን እየተያየ የሚያስረክብበት ሰዓት ነው። ያን ጠዋት ዱክ ስትሪት ላይ ሁለት ባዕዳን የተሰበረ እንግሊዝኛ እያወራን ያደረግነው የአባቴን ሥራ ነው።

ወረቀቷ ቀላል አይደለችም። በዚህ አገር በፈረንጆቹ 1906 የወጣ፣ ካርማክ የሚባል ሕግ አለ። ከዚያ በፊት ዕቃ ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው እየተዛወረ ሲሄድ ቢጠፋ፣ ባለዕቃው የትኛው ባቡር ላይ እንደጠፋ ራሱ ማስረዳት ነበረበት፤ በአገር ስፋት ላይ ያ የማይቻል ነገር ነው። ሕጉ ይህን ሸክም ከባለዕቃው ጫንቃ አወረደው። ዕቃውን በደህና ተረክቦ በዚያ ወረቀት ላይ የፈረመው አጓጓዥ፣ ጎድሎ ወይም ተጎድቶ ከደረሰ ይጠየቅበታል። አቤቱታ ለማቅረብ ከዘጠኝ ወር ያነሰ ጊዜ ሊሰጠኝ አይችልም። ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ፣ አቤቱታዬን ውድቅ ካደረገበት ቀን ጀምሮ፣ ከሁለት ዓመት ያነሰ ሊወስንብኝ አይችልም። ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን በሁለቱ ርክክቦች ላይ ነው። መድረሻው ላይ ሳላይ "በደህና ተረክቤያለሁ" ብዬ ከፈረምኩ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ሕግ ብዙም አያድነኝም።

ሲያትል የገባነው ማክሰኞ ነው። ዝናብ ነበር፤ ሐሙስም ዝናብ ነበር። ጋሪ እየገፋሁ፣ ልጄን በፕላስቲክ ሸፍኜ አውቶቡስ ስጠብቅ መኪናዬ የት ደረሰች እያልኩ አስብ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሹፌሩ አንዲት ቃል ላከልኝ፤ "ላራሚ"። ዋዮሚንግ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ካርታ ላይ ፈለግኋት። ኢንተርስቴት 80 እሷ ጋ ከመድረሱ በፊት 8,640 ጫማ ከፍታ ላይ ይወጣል፤ የመንገዱ ጫፍ ያ ነው። ከላራሚ አልፎ እስከ ሮውሊንስ ያለው ሜዳ ደግሞ ነፋሱ በረዶውን ከመሬት እያነሳ መንገዱን የሚያጠፋበት፣ ቁመታም መኪና የሚገለብጥበት ነው። በክረምት በየጊዜው ይዘጋል። ያኔም ተዘግቶ ሁለት ቀን ቆመ።

ደላላው ደውሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። አልተቆጣሁም። ሹፌር በቀን ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ ከዚያም 10 ሰዓት እንዲያርፍ ሕግ ያስገድደዋል፤ መኪናው ውስጥ ያለ መሣሪያ እያንዳንዱን ደቂቃ ይመዘግባል። ማጭበርበር እንደ ድሮው ቀላል አይደለም፤ ባይሆንም ይሻላል። ወንድም ጋሼ አንዴ፣ መሣሪያው ሳይመጣ በፊት፣ እንቅልፍ ጥሎት መንገድ ስቶ ሊሞት እንደነበር የነገረኝ አይረሳኝም። መኪናዬ ሁለት ቀን ብትዘገይ ምንም አይደለም፤ ያ ሰው በዚያ ነፋስ ውስጥ እንዳይነዳ በልቤ እለምን ነበር።

የመጣው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት። ትራኩ የእኛ ሠፈር ጠባብ መንገድ ውስጥ ስለማይገባ ተክዊላ፣ ከትልቁ የገበያ ማዕከል አጠገብ ተቀጣጠርን። በኅዳር ሲያትል ውስጥ ገና በአሥር ሰዓት ተኩል ይመሻል። ስደርስ ጨለማ ነበር፣ ያካፋል። ላዩ ላይ የቀሩት ሦስት መኪኖች ብቻ ናቸው። የእኔይቱ ብርማ ቀለሟ ጠፍቷል፤ ከላይ እስከ ታች የመንገድ ጨውና ጭቃ ለብሳለች።

ፈራሁ። በዚያ ጭቃ ውስጥ ምን ማየት ይቻላል? ሹፌሩ ደክሞታል፤ ሌሎቹን ኤቨረት ከተማ ማድረስ አለበት። "ፈርሚና ልሂድ" ቢለኝ ምን እላለሁ እያልኩ ነው የቀረብኩት። እሱ ግን ምንም ሳይለኝ ወደ ትራኩ ሄዶ አንድ ጀሪካን ውኃና ጨርቅ ይዞ መጣ። የትራኩን የጎን መብራት አበራ። በዝናቡ ውስጥ በሮቿን፣ ኮፈኗን፣ ፓራውልቷን አንድ በአንድ አጠበ። እኔ ስልኬን እያበራሁ፣ ፎቶዎቹን እያስተያየሁ ተከተልኩት። ልጄ በባለቤቴ እቅፍ ሆና "እጠባት! እጠባት!" ትላለች።

ኮፈኗ ላይ ከመሪው ፊት ለፊት የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቀለም የለቀቀች ነጥብ ነበረች። እኔ ሳላያት እሱ አየና ጣቱን አስቀመጠባት። "ድንጋይ" አለኝ፤ "አይዳሆ"። ወረቀቱን አውጥቶ ሥዕሉ ላይ ራሱ ምልክት አደረገባትና ሰጠኝ። መንገድ ላይ የሚፈናጠር ድንጋይ ለሚያደርሰው ነገር የጭነት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ እንደማይከፍል ወንድም ጋሼ ነግሮኝ ነበር፤ ሹፌሩም ያውቃል። ሆኖም ጻፈው። አባቴ ቢኖር ይህን ሰው ቤት ወስዶ ቡና ያጠጣው ነበር። እኔ በፔርሙዝ ያመጣሁትን ሻይ ቀዳሁለት፤ ቅርንፉድና ቀረፋ አለበት። ቆሞ ጠጣው፤ ሁለተኛም ጨመርኩለት።

1,250 ዶላሩን ቆጠርኩለት። ቆጠረው። ተፈራረምን። ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ በዚህ ግዛት ተራራማ መንገዶች ላይ ከባድ መኪና ሁሉ የጎማ ሰንሰለት መያዝ ግዴታው ነው፤ ሰንሰለቱ ከትራኩ ጎን ተንጠልጥሎ ገና ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ስኖኳልሚ የሚባለውን ተራራ የተሻገረው በዚያው ቀን ነው። እጁን አነሳልኝና ወደ ሰሜን ሄደ።

ልጄን ወንበሯ ላይ አስሬ፣ መሪውን ጨብጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። የእመቤታችን ሥዕል በቦታዋ ናት። ሞተሯን አስነስቼ ለወንድም ጋሼ ደወልኩ።

"ከመፈረምሽ በፊት አየሻት?"

"አየኋት። አጥቦ አሳየኝ።"

"አጥቦ!" አለና ትንሽ ዝም አለ። "ቆጣሪዋስ?"

አሌክሳንድሪያ ያነሳሁትን ፎቶ አወጣሁና ከዳሽቦርዱ ጋር አስተያየሁ። "3 ማይል ጨምራለች" አልኩት።

"ትራኩ ላይ መውጣትና መውረዷ ነው" አለኝ። "ልክ ነው። በይ ንጂ።"